«መሬት ላራሹ»፦ ሕዝቡ ያስቀረውና የጣለው
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበው የታሪክ ዝግጅት የተወሰደ)



በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ብዙ ጊዜ የሚነሳ፣ ነገር ግን ረጋ ተብሎ የማይመረመር ጉዳይ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ጉዳዩ ሶሻሊዝም፣ በጊዜው አማርኛ «ኅብረተሰባዊነት» የተባለው እሳቤ፣ በሀገራችን ለፍትሕና ለእኩልነት የሰጠው ተስፋና የዚያ ተስፋ መጨረሻ ነው።

ስለዚህ ዘመን ሲወራ ሁለት ዓይነት አነጋገር እንሰማለን። አንደኛው «ሃይማኖት የለሾች ያመጡት ነገር ነው፤ ከእሱ የሚገኝ ትምህርት የለም» ብሎ ዶሴውን ይዘጋል። ሁለተኛው ደግሞ «ምንም ይሁን ምን መሬት ያገኘነው ያኔ ነው» ብሎ የፈሰሰውን ደም ያልፈዋል። ሁለቱም ከነገሩ ግማሹን ይዘው ግማሹን ይተዋሉ። ለትክክለኛው ሚዛን ከፖለቲከኞች ይልቅ ገበሬውን መጠየቅ ይሻላል። ገበሬው ደግሞ በቃል ሳይሆን በሥራ ፍርዱን የሰጠበት ጊዜ አለ፤ ይኸውም በ1982 ዓ.ም. ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ጥያቄው ራሱ ከየት እንደመጣ እንመልከት።

ጭሰኛው ማን ነበር?

ከ1967 ዓ.ም. በፊት የነበረው የመሬት ሥሪት እንደየአካባቢው ይለያያል። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ገበሬው በአብዛኛው ከአባቶቹ በዘር ሐረግ የሚወርድ ርስት ነበረው። በዚህ ርስት ላይ ግብር የመሰብሰብ መብት ደግሞ ለባለ ጉልት ይሰጥ ነበር። በብዙ የሰሜን አካባቢዎች ሙስሊሙ ከርስት የተገለለ ስለነበረ ወይ የሌላውን ሰው መሬት በሲሶና በእኩል ያርሳል፤ ወይ ደግሞ ወደ ሽመናና ወደ ንግድ ያዘነብላል። ዛሬ «ሙስሊም ሲባል ነጋዴ ነው» ሲባል ነገሩ ከተፈጥሮ የመጣ የሚመስላቸው አሉ። እውነቱ ግን ከመሬት እጦት ጋር የተያያዘ ረዥም ታሪክ ያለው መሆኑ ነው።

በደቡብ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ሁኔታው ከዚህም የከፋ ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አጼ ምኒልክ ግዛታቸውን ሲያስፋፉ ሰፊ መሬት ለወታደሩ፣ ለሹማምንቱና ለቤተ ክርስቲያን ተከፋፈለ። የአካባቢው ሕዝብ ገባር ሆነ። ከጊዜ በኋላም በአያቶቹ ምድር ላይ ጭሰኛ ተባለ። ጭሰኛው ካመረተው ላይ እንደ ውሉ እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያስረክባል። ከዚህ በተጨማሪ በባለመሬቱ ቤት እንጨት ይፈልጣል፤ አጥር ያጥራል፤ በበዓል ቀን እጅ መንሻ ይዞ ይሄዳል። ውሉ በአብዛኛው የቃል ስለነበረ ባለመሬቱ «ልቀቅ» ያለው ቀን ቤተሰቡን ይዞ ከመልቀቅ በቀር ምርጫ አልነበረውም።

የሚገርመው ነገር ልማት መጣ ሲባል የጭሰኛው መከራ መባሱ ነው። በ1960 ዓ.ም. በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ፣ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ «ካዱ» የሚባል የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ሥራ ጀመረ። ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ መርዳት ነበር። ይሁን እንጂ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መሬቱን ትርፋማ ሲያደርጉት ባለመሬቶቹ ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ማስወጣት ጀመሩ። ለድሃው የታሰበው ልማት ድሃውን አፈናቀለው። ጭሰኛው የሚጠበቅበትን የኪራይ ሕግ ለማውጣት ረቂቅ ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን ባለመሬቶች በሞሉበት ፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ።

በአዋሽ ሸለቆም ለሸንኮራ አገዳና ለጥጥ እርሻ ሲባል የአፋርና የከረዩ አርብቶ አደሮች በበጋ የሚሸሹበትን የወንዝ ዳር ግጦሽ አጡ። ዝናብ ሲጠፋ ከብቶቻቸውን ይዘው የሚሄዱበት ቦታ የሌላ ሰው ጥጥ ሆኖ ጠበቃቸው። ስለዚህ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ረሃብ ሲመታው የአፋር አርብቶ አደሮች ከመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች መካከል ሆኑ። በዚያ ረሃብ የሞተው ሰው ከአርባ ሺህ እስከ ሁለት መቶ ሺህ ድረስ ይገመታል። መንግሥት ነገሩን ደበቀው። ዓለም ያወቀው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምቢልቢ የቀረጸው ፊልም በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። በባሌም ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ሕዝቡ በዋቆ ጉቱና በሌሎች መሪዎች ሥር የተነሳበት አንዱ ዋና ምክንያት የመሬትና የግብር በደል ነበር።

እንግዲህ ውድ አድማጮች! «ሶሻሊዝም ከውጭ የመጣ ነው» ሲባል ስሙን በተመለከተ እውነት ነው። በደሉ ግን ከውጭ አልመጣም። በደሉ የሀገር ቤት ነበር።

ጥያቄው ስም ሲያገኝ

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» የሚል መፈክር ይዘው በአዲስ አበባ አደባባይ ወጡ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይህች ሁለት ቃል የዘመኑ ዋና ጥያቄ ሆነች። ወጣቶቹ የማርክስንና የሌኒንን መጻሕፍት ያነቡ ነበር። ለምን ወደዚያ እንዳዘነበሉ ለመረዳት ጊዜውን ማየት ያስፈልጋል። ቻይና በ1949 እ.ኤ.አ.፣ ኩባ በ1959 እ.ኤ.አ. አብዮት አካሂደው ለድሃው መሬት ሰጥተናል ይሉ ነበር። በግብፅ የነጻ መኮንኖች መንግሥት በ1952 እ.ኤ.አ. ለትላልቅ ባለመሬቶች ይዞታ ጣሪያ አበጅቶ ነበር። በጎረቤት ሶማሊያም ዚያድ ባሬ በ1969 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ይዞ በቀጣዩ ዓመት ሶሻሊዝምን አወጀ።

በሙስሊሙ ዓለም ዑለማዎችም ቢሆኑ ስለ ጉዳዩ ዝም አላሉም። ሶሪያዊው ዓሊም ሙስጠፋ አስ-ሲባዒ በ1959 እ.ኤ.አ. ስለ «የኢስላም ሶሻሊዝም» መጽሐፍ አሳትመው ነበር። በዚህ ስያሜ ያልተስማሙ ዑለማዎች ነበሩ፤ «ኢስላም የራሱ ስም እያለው ከሌላ ስም መዋስ አያስፈልገውም» አሉ። ክርክሩ በስሙ ላይ ይሁን እንጂ በአንድ ነገር ላይ ልዩነት አልነበረም፤ ይኸውም በሀብታሞች ገንዘብ ላይ የድሆች ሐቅ መኖሩ ነው። ዘካ ልመና ወይም ችሮታ ሳይሆን ግዴታ የተደረገው ለዚህ ነው።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች አመፁ። በየካቲት ወር የታክሲ ሾፌሮችና መምህራን ሥራ አቆሙ። የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወርዶ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ። በዚህ ጊዜ ለዘመናት ድምፁ ሳይሰማ የኖረው ሙስሊምም ተነሳ።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ቅዳሜ ዕለት በአዲስ አበባ የተካሄደው የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ በታሪካችን ልዩ ቦታ አለው። መቶ ሺህ ይደርሳል ተብሎ የተገመተ ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ብዙ ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ወጡ። ሰልፈኞቹ ለመንግሥት ካቀረቧቸው 13 ጥያቄዎች መካከል ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ የኢስላም በዓላት በሀገር ደረጃ እንዲከበሩ፣ ሙስሊሙ በመንግሥት አስተዳደርና በሠራዊቱ ውስጥ በእኩልነት እንዲሳተፍ፣ እንዲሁም የመሬት ባለቤትነት መብት እንዲኖረው የሚሉት ይገኛሉ። ሌላው ጥያቄ ስለ ስም ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የመንግሥት አጠራር «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» የሚል ነበር፤ ልክ እንደ እንግዳ ማለት ነው። ሰልፈኞቹ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ተብለን እንጠራ አሉ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። የመሬቱ ጥያቄና የስሙ ጥያቄ በአንድ ወረቀት ላይ የሰፈሩት በአጋጣሚ አይደለም። ሰው ዳቦ ብቻ አይጠይቅም፤ ክብርንም ይጠይቃል። በሀገሩ ላይ እንደ ባለቤት መቆጠርን ይጠይቃል። ፍትሐዊ ማኅበረሰብ ማለት ሁለቱም የሚሟሉበት ማለት ነው።

የ1967 ዓ.ም. መልስ

ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የወታደሮች ኮሚቴ፣ ማለትም ደርግ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረደ። ታህሳስ 11 ቀን 1967 ዓ.ም. ኅብረተሰባዊነት የሀገሪቱ መመሪያ መሆኑ ታወጀ። ቀጥሎም ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶችና ትላልቅ ፋብሪካዎች በመንግሥት እጅ ገቡ።

ከሁሉም በላይ ሕዝቡን የነካው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነበር። አዋጁ የገጠር መሬት በሙሉ የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት ነው አለ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 10 ሄክታር ሆነ። መሬት መሸጥ፣ ማስያዝና ማከራየት ተከለከለ። ጭሰኛና ባለመሬት የሚባል ግንኙነት ቀረ፤ ጭሰኛው ለባለመሬቱ ከሚከፍለው ኪራይና ካለበት ዕዳ ነጻ ወጣ። ገበሬዎች በ800 ሄክታር ገደማ በሚሸፍን ክልል የገበሬ ማኅበር አቋቁመው መሬቱን እንዲደለድሉና ቀላል ጉዳዮችን ራሳቸው እንዲዳኙ ተፈቀደላቸው። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በ«ዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ» ወደ ገጠር ተሰማርተው አዋጁን ለገበሬው አስረዱ።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ትናንት በባለመሬቱ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቅ የነበረው የአርሲ፣ የባሌ፣ የሐረርጌ፣ የጅማና የኢሉባቦር ገበሬ፣ ዛሬ ምርቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ጎተራው አስገባ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጥቶ የቤት ኪራይ ቀነሰ። በዚሁ ዘመንም ዒድ አል-ፊጥር፣ ዒድ አል-አድሐና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. የኢስላም ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት፣ ማለትም መጅሊስ፣ ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብን ሊቀ መንበር አድርጎ ተቋቋመ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በመጀመሪያ በአምስት፣ ከጊዜ በኋላ በአሥራ አምስት የሀገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጥቶ ሚሊዮኖችን ከመሃይምነት አውጥቷል።

እነዚህን ሥራዎች መካድ ፍትሕ አይደለም። ጠላትን እንኳ ቢሆን በሐቅ መመስከር የሙእሚን ባሕርይ ነው።

መልሱ እንዴት ተበላሸ?

ታዲያ በዚህ የጀመረው ነገር እንዴት ወደ ቀይ ሽብርና ወደ ረሃብ አመራ? አንዳንዶች «መሪዎቹ ክፉዎች ስለነበሩ ነው» ይላሉ። የመሪዎቹ ጭካኔ እውነት ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ሥር የሰደደው ችግር ሰጪው ተጠያቂ አለመሆኑ ነው። ደርግ ለገበሬው መሬት ሰጠው፤ ነገር ግን «እኔ ያልኩህን ብቻ ትናገራለህ» አለው። ሀብቱን ከባለመሬቱ እጅ ሲያወጣ ሥልጣኑን ግን ለሕዝቡ አላካፈለም።

ምልክቱ ገና ከጠዋቱ ታይቶ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናትና ሌሎች ሰዎች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተረሸኑ። ከተረሸኑት መካከል በእርግጥ ሕዝብ የበደሉ ሊኖሩ ይችላሉ። ይሁን እንጂ በፍትሕ ስም የመጣ መንግሥት ያለ ዳኛ ሲገድል የፍትሕን በር በገዛ እጁ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አለቁ። ብዙዎቹ «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡ፣ ለገበሬው አዋጁን ያስረዱ ልጆች ነበሩ። አብዮቱ ጥያቄውን የጠየቁትን ሰዎች በላ።

በገጠርም የገበሬ ማኅበሩ መልኩን ቀየረ። በመጀመሪያ ገበሬዎች የራሳቸውን ጉዳይ የሚወስኑበት ነበር። ቀስ በቀስ ግን የመንግሥት እጅ ሆነ። ግብር ሰብሳቢው እሱ ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ልጆችን ለጦር ሜዳ መልምሎ የሚያስረክበውም እሱ ሆነ። የእህል ገበያውን የያዘው የመንግሥት ድርጅት ደግሞ ለእያንዳንዱ አካባቢ ኮታ ወሰነ። ገበሬው ኮታውን መንግሥት በቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ ያስረክባል። ምርት የጎደለበት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ዋጋ ገዝቶ በርካሽ ለመንግሥት የሸጠበት ጊዜ ነበር። ለመሆኑ ይህ ከሲሶና ከእኩል በምን ይሻላል? ባለመሬቱ ሄደ፤ ጭሰኝነቱ ግን በሌላ ስም ተመለሰ።

ከዚያም «ማልባ»፣ «ወልባ»፣ «ወላንድ» የተባሉ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ደረጃዎች መጡ። በማልባ ገበሬዎች መሬታቸውን በጋራ ያርሳሉ፤ በወልባ በሬውና መሣሪያውም የጋራ ይሆናል። መንግሥት ለእነዚህ ማኅበራት የተሻለ መሬትና ማዳበሪያ እየሰጠ ገበሬውን ሊስብ ሞከረ። ገበሬው ግን ወደ እነሱ የገባው ጥቂት ነበር። መተጋገዝን ጠልቶ አይደለም፤ ደቦና ጅጌ ከአያቶቹ የወረሰው ነው። የጠላው በደቦ ስም መታዘዝን ነው።

መንደር ምሥረታው ደግሞ ሌላው ጠባሳ ነው። በባሌ ተጀምሮ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በሐረርጌና በአርሲ በስፋት ተካሄደ። ሕዝቡ ቤቱን አፍርሶ በመስመር ወደ ተሠራ መንደር እንዲገባ ታዘዘ። ዓላማው ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ውሃ ማቅረብ ነው ተባለ። በብዙ ቦታ ሕዝቡ ገባ፤ ውሃው ግን አልመጣም። እርሻው ከቤቱ ራቀ። በ1978 ዓ.ም. በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የሐረርጌ ሰዎች ይህን ሸሽተው ድንበር ተሻግረው ሶማሊያ ገቡ። መሬት የሰጠ መንግሥት፣ መሬት የተሰጠውን ሕዝብ አሰደደው ማለት ነው።

የአፋሮችም ታሪክ ትምህርት አለው። የመሬት አዋጁ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ በሱልጣን ዓሊሚራሕ ሐንፈሬና በደርግ መካከል ግጭት ተፈጥሮ ሱልጣኑ ተሰደዱ። የአዋሽ ሸለቆ ትላልቅ እርሻዎች ከኩባንያዎቹ ተነጥቀው የመንግሥት እርሻ ሆኑ። ይሁን እንጂ የወንዙ ዳር ግጦሽ ለአርብቶ አደሩ አልተመለሰም። ለግመሉና ለፍየሉ ባለቤት መሬቱን የያዘው ኩባንያ ሆነ መንግሥት ልዩነቱ ምንድን ነው?

በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረሃብ ሁሉንም ገለጠው። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር በወሎና በትግራይ ሕዝብ በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። በዚያ ረሃብ የሞተው ሰው ከአራት መቶ ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። የንጉሡ መንግሥት የ1966ቱን ረሃብ ደበቀ ተብሎ ተወግዞ ነበር። በድሃው ስም የቆመው መንግሥትም ከአሥር ዓመት በኋላ ያንኑ ደገመው። ድርቁ የአላህ ፈተና ነው። መደበቁ ግን የሰው ሥራ ነው፤ የሚያጋልጥ ጋዜጣና የሚጠይቅ ሸንጎ በሌለበት ሀገር የሚሆን ሥራ ነው።

የገበሬው ፍርድ

አሁን በመግቢያችን ወደ ጠቀስነው 1982 ዓ.ም. ደረስን። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የኢኮኖሚ ፖሊሲው ወደ ቅይጥ ኢኮኖሚ መለወጡን አስታወቁ። የእህል ኮታው ቀረ። ገበሬው በማኅበር መቆየትም መውጣትም መብቱ ሆነ።

ታዲያ ገበሬው ምን አደረገ? የአምራቾች ማኅበራቱ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ፈረሱ። ገበሬዎቹ መሬቱን፣ በሬውንና መሣሪያውን ተከፋፈሉ። በብዙ ቦታ የመንደር ምሥረታውን ቤት ትተው ወደ ቀድሞ ቀዬያቸው ተመለሱ። ማንም ሰብሳቢ አልነበረም፤ ማንም መፈክር አላሰማም። ነገር ግን አንድ ነገር አላደረጉም። የድሮውን ባለመሬት «ና፣ መሬትህን ውሰድ» አላሉትም። ደርግ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ወድቆ ሌላ መንግሥት ሲመጣም የጭሰኝነት ሥርዓት አልተመለሰም።

ውድ አድማጮች! ይህ ከየትኛውም የፖለቲካ ትንታኔ የበለጠ ግልጽ ፍርድ ነው። ሕዝቡ አበጥሮ ምርቱን አስቀረ፤ ገለባውን ጣለ። ከጭሰኝነት ነጻ መውጣትን አስቀረ። የበዓላቱን እኩልነትና «ኢትዮጵያዊ ሙስሊም» የሚለውን ስም አስቀረ። ኮታውን፣ በግድ መሰብሰብን፣ በግድ መስፈርን ጣለ። «ጥያቄያችን ትክክል ነበር፤ በስማችን የተደረገው ግን የእኛ አልነበረም» ማለቱ ነው።

ከሰዋዱ ምድር የምንማረው

በዚህ አጋጣሚ ከኢስላም ታሪክ አንድ ነገር ማስታወስ ተገቢ ይሆናል። በኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ዘመን ሰዋድ የሚባለው ለም የዒራቅ ምድር በተከፈተ ጊዜ ከሶሐባዎች አንዳንዶቹ መሬቱ ለተዋጊዎች እንዲከፋፈል ጠየቁ። ዑመር ግን ስለሚመጡት ትውልዶች ተጨነቁ። መሬቱ ለጥቂቶች ከተከፋፈለ ወደፊት ለሚመጡት፣ ለየቲሙና ለባልቴቷ ምን ይተርፋል አሉ። በመጨረሻም መሬቱ በነባሮቹ ገበሬዎች እጅ ሆኖ እያረሱ ግብር እንዲከፍሉ፣ ግብሩም ለሕዝበ ሙስሊሙ የጋራ ጥቅም እንዲውል ተወሰነ።

እስከዚህ ድረስ ስንሰማው «ይህማ ከመሬት አዋጁ ጋር ይመሳሰላል» ልንል እንችላለን። ልዩነቱ በአወሳሰኑ ላይ ነው። ዑመር ኸሊፋ ነኝ ብለው በአንድ ሌሊት አላወጁትም። ተቃዋሚዎቹ ፊት ለፊት ተከራከሯቸው፤ ከእነዚህም መካከል ቢላል (ረ.ዐ.) ይገኙበታል። ክርክሩ ቀናት ወሰደ። ቀደምት ሙሃጂሮችን አማከሩ፤ ከአንሷሮችም ከአውስ አምስት፣ ከኸዝረጅ አምስት ሰዎች ጠርተው ሐሳባቸውን አቀረቡላቸው። የተቃወማቸውን ሰው አላሰሩም፤ አልገደሉም። በማስረጃ አሳመኑ። ሹራ ማለት ይህ ነው።

ይህን የምንለው ዑመርን (ረ.ዐ.) ሶሻሊስት ለማድረግ አይደለም። የሌላን ዘመን ስም በሶሐባዎች ላይ መለጠፍ አይገባም። ኢስላም ሰው በላቡ ያፈራውን የግል ሀብት ያከብራል። በሀብቱ ላይ ግን ዘካን ግዴታ ያደርጋል፤ በዝናብ ከበቀለ እህል አንድ አሥረኛ፣ በድካም በመስኖ ከለማው ደግሞ የዚያ ግማሽ ብቻ ይወሰዳል። ልብ በሉ፤ የገበሬው ድካም በሒሳብ ውስጥ ገብቷል። ኮታው ግን ገበሬው ደከመ አልደከመ፣ ዘነበ አልዘነበ አይጠይቅም ነበር። ድካምን የሚቆጥርና የማይቆጥር ሥርዓት ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄው ዛሬም አለ

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሏል። የ1967ቱ አዋጅ መንፈስ በዚህ ቀጥሏል። ይሁን እንጂ «የመንግሥትና የሕዝብ» ሲባል መንግሥትና ሕዝብ ያልተስማሙ ጊዜ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ አብሮ ቀጥሏል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በመቃወም በኦሮሚያ የተነሳው እንቅስቃሴ ከዚህ ጥያቄ የመነጨ ነበር። ዕቅዱ በ2008 ዓ.ም. የቆመው ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ ነው። ገበሬው ስለ መሬቱ ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ያ ሁሉ ደም ምን ባፈሰሰው!

የመጅሊሳችንም ታሪክ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። በ1968 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በአዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኘው ግን በ2012 ዓ.ም. ነው። አርባ አራት ዓመት ማለት ነው። በመሐል ሙስሊሙ «መሪዎቻችንን ራሳችን እንምረጥ» እያለ ብዙ መሥዋዕትነት ከፍሏል። ከላይ የተሰጠ መብት ከላይ ሊወሰድ እንደሚችል፣ መብት የሚጸናው ባለቤቱ ሲይዘው መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ስለዚህ ወጣቶች ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ስለ ፍትሐዊ ማኅበረሰብ ሲያስቡ ሁለት ጥያቄዎችን አጣምረው እንዲይዙ እንመክራለን። አንደኛው፣ ሀብቱ ለማን ይደርሳል? ሁለተኛው፣ ማን ይወስናል፣ ሲያጠፋስ ማን ይጠይቀዋል? የንጉሡ ዘመን በመጀመሪያው ጥያቄ ወደቀ። የደርግ ዘመን ለመጀመሪያው መልስ ሰጥቶ በሁለተኛው ወደቀ። ሁለተኛው ሲወድቅ ደግሞ የመጀመሪያውንም መልስ ይዞት ወደቀ። በ1966 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 አደባባይ የወጡት አባቶቻችንና እናቶቻችን ግን ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ነበር፤ መሬቱንም፣ ከመንግሥት አስተዳደር የሚገባቸውን ድርሻም። ከእነሱ ጎን የቆሙት ክርስቲያን ወገኖቻችንም የሌላው መበደል የራሳቸው ጉዳይ መሆኑን ተረድተው ነበር።

በሕይወት ያሉ አዛውንቶች በየቀዬያችሁ አሉ። ጭሰኝነትን ያዩ፣ አዋጁን በዓይናቸው ያነበቡ ወይም ሲነበብ የሰሙ፣ ኮታ ያስረከቡ፣ ከመንደር ምሥረታው ወደ ቀዬያቸው የተመለሱ ናቸው። ሳያልፉ ጠይቋቸው፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉ። መጻሕፍት ስለ መሪዎች ብዙ ጽፈዋል። ስለ ገበሬው ፍርድ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐቅን ሐቅ አድርጎ የምናይ፣ ለወገናችንም ለሌላውም በፍትሕ የምንቆም ያድርገን።